አይዝግም፣ አይሰበርም፣ አይዶለዱምም? የሰርቫይቫል ቢላ ስትገዙ መጀመሪያ ብረቱን ጠይቁ

ቴሌግራም ላይ እንዲህ የሚል ማስታወቂያ ሳታዩ አትቀሩም፦ «ኦሪጅናል ሰርቫይቫል ቢላ! አይዝግም፣ አይሰበርም፣ ሁሌም ስል ነው! ያሉበት ድረስ እናደርሳለን!» ፎቶው ያምራል። ጥቁር የተቀባ ስለት፣ ጀርባው ላይ የመጋዝ ጥርስ፣ እጀታው ጫፍ ላይ ኮምፓስ። አንድ ነገር ብቻ ይጎድለዋል፦ ከምን ብረት እንደተሠራ አይናገርም።

ይሄ የባለሙያ ጉዳይ ሊመስል ይችላል፤ ግን አይደለም። ሰሜን ተራሮች ወይም ባሌ ለካምፕ ወጥታችሁ፣ ዝናብ ጥሏችሁ፣ እርጥብ እንጨት እየሰነጠቃችሁ ቢላው እጀታው ጋ ቀንጠስ ቢል፣ የተሰበረው ስለት ወዴት እንደሚፈናጠር የሚያውቅ የለም። ጤና ጣቢያው ደግሞ ቅርብ ላይሆን ይችላል። የዶለዶመ ቢላ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፦ አልቆርጥ ሲል በኃይል ትገፉታላችሁ፣ ያመልጣል፣ ጣታችሁን ያገኘዋል።

ስለዚህ ዛሬ የማይታጠፍ ቢላ (እንደ ሰንጢ የማይታጠፈውን፣ ስለቱና እጀታው አንድ ላይ የቆመውን) ስትመርጡ ስለ ብረቱ ማወቅ ያለባችሁን እንነግራችኋለን። ከፊዚክስ ትምህርት ራቅ፣ ከገበያው ቀረብ አድርገን።

🔹 «ጠንካራ» ስንል የትኛውን ማለታችን ነው?

ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ከቋንቋችን ነው። «ጠንካራ ብረት» ስንል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ቃል እየጠራን ነው።

አንደኛው ጥንካሬ፦ ብረቱ አይጫርም፣ አይሰረጎድም፣ ስለቱ አይታጠፍም። ሁለተኛው ቻይነት፦ ብረቱ ሲመታ፣ ሲጣመም፣ ድንጋይ ሲነካው ሳይሰበርና ሳይሸረፍ ይችለዋል።

ሁለቱ ብዙ ጊዜ አይስማሙም። ባልጩትን አስቡት። ዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ባለችው ጋደሞታ ከ270 ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የባልጩት መሣሪያዎች ተገኝተዋል። ባልጩት ሲፈለጥ ጠርዙ ከምላጭ አያንስም። በጣም ጠንካራ ነው፣ ግን መሬት ላይ ጣሉት፣ ይፈረካከሳል። ለስላሳ ሽቦ ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ ብታጣምሙት፣ ብትረግጡት አይሰበርም፤ ስለት ግን አይወጣለትም። ጥሩ ቢላ የሚገኘው በነዚህ ሁለት ጫፎች መሃል ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ጨምሩ፦ ስለቱ ሳይዶለዱም ምን ያህል ይቆያል? ዝገትንስ ምን ያህል ይቋቋማል? ጥንካሬ፣ ቻይነት፣ የስለት ቆይታ፣ ዝገት መቋቋም፤ አራት ሆኑ። አንዱን ስትጨምሩ ብዙ ጊዜ ከሌላው ትቀንሳላችሁ። ስለዚህ «አይዝግም፣ አይሰበርም፣ አይዶለዱምም» የሚል ሻጭ ወይ አላወቀም፣ ወይ እናንተ አታውቁም ብሎ ነው።

🔹 ብረቱ ውስጥ ምን አለ?

የቢላ ብረት አረብ ብረት ነው፦ ንጹህ ብረት ላይ ካርቦን ተጨምሮበት። ካርቦን ከሌለ ብረቱ አይጠነክርም፤ ለዚህ ነው ከቆርቆሮ ወይም ከተራ የግንባታ ፌሮ ጥሩ ስለት የማይወጣው። ለጥሩ ቢላ በአብዛኛው ከ0.5 በመቶ በላይ ካርቦን ያስፈልጋል።

ክሮሚየም ሲጨመር ብረቱ ዝገትን መቋቋም ይጀምራል። ብረት «ስቴንለስ» የሚባለው ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ሲኖረው ነው፤ ብዙ የማይዝጉ የቢላ ብረቶች ደግሞ 13 በመቶ አካባቢ አላቸው። ልብ በሉ፦ ስቴንለስ ማለት «ዝገት የሚከብደው» ማለት እንጂ «ፈጽሞ የማይዝግ» ማለት አይደለም። ጨውና ላብ ላይ ረስታችሁት ከሰነበታችሁ እሱም ነጠብጣብ ያወጣል።

ቫናዲየም፣ ሞሊብደነም፣ ኒዮቢየም የሚባሉ ስሞችም ታያላችሁ። እነዚህ ከካርቦን ጋር ተጣምረው ካርባይድ የሚባሉ በጣም ጠንካራ ቅንጣቶች ይፈጥራሉ። ኮንክሪት ውስጥ እንዳለ ጠጠር ቁጠሩት። ጠጠሩ ስለቱ ቶሎ እንዳያልቅ ያደርጋል። ጠጠሩ ትልልቅና ብዙ ሲሆን ግን ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያው ነው። ስለዚህ ስለቱ ረጅም ጊዜ የሚቆይ ብረት ብዙ ጊዜ የመሸረፍ ጸባይ አለው።

ዘመናዊ ፋብሪካዎች ለዚህ መላ አግኝተዋል። የቀለጠውን ብረት እንደ ጭጋግ በትነው ወደ ዱቄት ይለውጡትና በሙቀትና በግፊት መልሰው ያጣብቁታል። ጠጠሩ ደቃቅና በእኩል የተዘራ ይሆናል። «ፓውደር ስቲል» የሚባለው ይሄ ነው። ዋጋውም የሚሰቀለው በዚህ ምክንያት ነው።

🔹 ስሞቹን እንፍታቸው

ቢላ ላይ የሚጻፉት ቁጥሮች የሚስጥር ኮድ ይመስላሉ። ዋና ዋናዎቹን እንያቸው።

👉 1095፦ ከተራ የካርቦን ብረቶች በጣም የታወቀው። ስሙን ማንበብ ቀላል ነው፤ «10» ሌላ ዋና ማጣፈጫ የሌለው ተራ የካርቦን ብረት ማለት ነው፣ «95» ደግሞ 0.95 በመቶ ገደማ ካርቦን። የአሜሪካው ኢሴ ኩባንያ በብዛት የሚሠራው በሱ ነው። ለመሳል ይቀላል፣ ጥሩ ስለት ይወጣለታል፣ ዋጋው አይጎዳም። ችግሩ ዝገት ነው። እርጥብ አድርጋችሁት ካደራችሁ ጠዋት ቡናማ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

👉 5160፦ 0.60 በመቶ ገደማ ካርቦንና ከ1 በመቶ ያነሰ ክሮሚየም ያለው የስፕሪንግ ብረት። ቻይነቱ ከፍተኛ ነው። ለገጀራ፣ ለትልልቅና ለሚቆርጥ ሳይሆን ለሚመታ ቢላ ይመረጣል። እሱም ይዝጋል። ይሄን ብረት ወደ ታች ስለ ባሌስትራ ስናወራ እንመለስበታለን።

👉 80ሲአርቪ2፦ 0.8 በመቶ ገደማ ካርቦን፣ ትንሽ ክሮሚየምና ቫናዲየም። ቻይነትና የስለት ቆይታ በደንብ የተመጣጠኑለት የካርቦን ብረት ነው። ለጫካ ሥራ የሚሠሩ አዳዲስ ቢላዎች ላይ እየበዛ የመጣው ያለምክንያት አይደለም።

👉 ዲ2፦ በመጀመሪያ ለፋብሪካ መቁረጫ የተሠራ ብረት። 1.5 በመቶ ገደማ ካርቦንና 12 በመቶ ገደማ ክሮሚየም አለው። ክሮሚየሙን ስታዩ «ታዲያ ስቴንለስ ነዋ!» ትሉ ይሆናል። አይደለም። ብዙው ክሮሚየም ካርባይድ ውስጥ ታስሮ ስለሚቀር ዝገትን የሚከላከለው ያነሰ ነው። ለዚህ «ግማሽ ስቴንለስ» ይሉታል። ስለቱ ረጅም ጊዜ ይቆያል፣ ግን ጠጠሩ ትልልቅ ስለሆነ እንጨት እየመቱ ለመሰንጠቅ የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም። ለኪስ ሰንጢ ጥሩ፣ ለከባድ የጫካ ቢላ ጥንቃቄ የሚፈልግ።

👉 420ኤችሲ፦ 13 በመቶ ገደማ ክሮሚየም ያለው፣ ካርቦኑ ግማሽ በመቶ እንኳ የማይሞላ ስቴንለስ። የአሜሪካው በክ ኩባንያ ለዓመታት የተጠቀመበት ነው። ስለቱ ሩቅ አይሄድም፣ ግን በትንሽ ድንጋይ ቶሎ ይመለሳል፤ ዝገትንም በደንብ ይቋቋማል።

👉 12ሲ27 እና 14ሲ28ኤን፦ የስዊድን ስቴንለሶች። ካርባይዳቸው ደቃቅ ስለሆነ ስቴንለስ ሆነውም ቻይነት አላቸው፤ በቀላሉ ይሳላሉ። የስዊድኑ ሞራክኒቭ ርካሽና ታዋቂ ቢላዎች ላይ የምታገኟቸው እነሱን ነው።

👉 8ሲአር13ሞቪ፦ የቻይና ስቴንለስ። ርካሽ ቢላዎች ላይ በብዛት አለ። በአግባቡ ከተሠራ ለቀላል ሥራ ይበቃል። ከ3ሲአር13 ጋር ግን አታምታቱት። የመጀመሪያው 0.8 በመቶ ገደማ ካርቦን ሲኖረው የሁለተኛው 0.3 በመቶ ገደማ ነው፤ ለስለት ለስላሳ ነው።

👉 ሲፒኤም 3ቪ፦ ፓውደር ስቲል፤ ለቻይነት ታስቦ የተሠራ። በከባድ ሥራ ከሚመሰገኑት አንዱ ነው። ሙሉ ስቴንለስ አይደለም፣ ዋጋውም ከበድ ይላል።

👉 ማግናከት፦ አሜሪካዊው የብረት ሳይንቲስት ላሪን ቶማስ የቀመረውና እ.ኤ.አ. በ2021 ገበያ ላይ የወጣ ፓውደር ስቴንለስ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ክሮሚየሙ ካርባይድ ውስጥ ሳይታሰር ዝገት ለመከላከል ነጻ እንዲሆን ማድረግ። ዝገት መቋቋምን፣ ቻይነትንና የስለት ቆይታን ከብዙዎቹ በተሻለ አስታርቋል። ግን ዋጋውን ካያችሁ በኋላ «ያስፈልገኛል ወይ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

ከነዚህ ውጭ «440 ስቴንለስ» የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። 440 ኤ፣ ቢ እና ሲ የሚባሉ ዓይነቶች አሉት። 440ሲ 1 በመቶ ገደማ ካርቦን ያለው ጨዋ ብረት ነው። ፊደሉ ካልተጻፈ ግን ብዙ ጊዜ ዝቅተኛው ነው ብላችሁ ተነሱ። «ሰርጂካል ስቲል»፣ «ጃፓን ስቲል»፣ «ታክቲካል ስቲል» የሚሉት ደግሞ የብረት ስም አይደሉም፤ የማስታወቂያ ቋንቋ ናቸው።

🔹 ጤፉ አንድ፣ እንጀራው ለየቅል

እስካሁን ያልነው ሁሉ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ እሳቱ ነው።

ከአንድ ጆንያ ጤፍ ሁለት ሰው እንጀራ ቢጋግር አንዱ ዓይናማ፣ አንዱ ድፍን ይወጣል። ብረትም እንደዛው ነው። 1095ን ብንወስድ ከ800 ዲግሪ ሴልሺየስ ትንሽ በላይ ይግላል፣ ከዚያ ዘይት ውስጥ በፍጥነት ይነከራል። በዚያች ቅጽበት ብረቱ እንደ መስታወት ይጠነክራል፤ ወድቆ እንኳ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ እንደገና በ200 ዲግሪ አካባቢ ለሰዓታት ቀስ ብሎ ይሞቃል። ከጥንካሬው ትንሽ ይሰጥና ቻይነት ይቀበላል። ይሄ ሁለተኛ ሙቀት ከተዘለለ ወይም ከበዛ፣ ብረቱ የቱንም ያህል ስም ቢኖረው ቢላው ዋጋ የለውም።

ውጤቱ የሚለካው ሮክዌል ሲ በሚባል መለኪያ ነው። የአልማዝ ጫፍ በተወሰነ ኃይል ብረቱ ላይ ይጫንና ምን ያህል እንደገባ ይነበባል። ማስታወቂያ ላይ «ኤችአርሲ 58» የሚል ካያችሁ ያ ነው። ለጫካ ቢላ ከ56 እስከ 60 ያለው ጥሩ ክልል ነው። ከዚያ በታች ሲሆን ቶሎ ይዶለዱማል፤ በጣም ከፍ ሲል ደግሞ፣ በተለይ በተራ ብረት ላይ፣ መሸረፍ ይመጣል። ጥሩ የጃፓን የወጥ ቤት ቢላዎች ከ60 በላይ የሚሄዱት ስጋና አትክልት እንጂ የወይራ እንጨት ስለማይቆርጡ ነው።

ለዚህ ነው በአግባቡ የተሠራ ተራ ብረት በግዴለሽነት የተሠራን ውድ ብረት የሚበልጠው። የብረቱን ስም ብቻ ሳይሆን የሠሪውን ስም ጠይቁ።

🔹 ባሌስትራው ምን ይላል?

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። ቀጥቃጮቻችን ለቢላ፣ ለገጀራ፣ ለመጥረቢያ ከሚወዷቸው ብረቶች አንዱ የመኪና ባሌስትራ ነው። የጭነት መኪና ሥር ተደራርቦ የሚቀመጠው ያ ቅስት ብረት። መርካቶ ምን አለሽ ተራ ብትሄዱ አሮጌ ብረት ተቀጥቅጦ ሌላ ሕይወት ሲያገኝ ታያላችሁ።

ምርጫቸው በልምድ የመጣ ነው፣ ሳይንሱም ይደግፈዋል። ባሌስትራ ሥራው መጣመምና መመለስ ነው፤ ቀኑን ሙሉ፣ ጉድጓድ በጉድጓድ ላይ። ስለዚህ ከመነሻው ቻይነት ካለው የስፕሪንግ ብረት ይሠራል። ብዙ ባሌስትራዎች ከላይ ካየነው 5160 ወይም ከቅርብ ዘመዶቹ የተሠሩ ናቸው። ማለትም፣ በባሕር ማዶ ገበያ «5160 ሰርቫይቫል ቢላ» ተብሎ በውድ የሚሸጠውና ሰፈራችሁ ያለው ቀጥቃጭ የሚሠራው ቢላ ከአንድ ቤተሰብ ሊሆኑ ይችላሉ።

ግን ሦስት ጥንቃቄዎች አሉ።

1ኛ፦ ሁሉም ባሌስትራ አንድ አይደለም። እንደ መኪናው አገርና ዘመን ቅይጡ ይለያያል። ቀጥቃጩ ደግሞ ወረቀት የለውም፤ የሚያውቀው በእሳቱ ቀለምና በብልጭታው ነው።

2ኛ፦ ያገለገለ ባሌስትራ ለዓመታት ሲጣመም ኖሯል። በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል። ያ ስንጥቅ ቢላው ውስጥ ከገባ አንድ ቀን ሥራ ላይ ይከፈታል። አዲስ ወይም ብዙም ያልሠራ ብረት ይሻላል።

3ኛ፦ እንደዚህ ያለው ብረት የሚወደው ዘይት ነው። ውሃ ውስጥ ሲነከር ቅዝቃዜው በጣም ፈጣን ስለሚሆን ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ ቀጥቃጩን በአክብሮት ሁለት ጥያቄ ጠይቁት፦ «በዘይት ነው በውሃ የምትነክረው? ከነከርክ በኋላስ መልሰህ ታሞቀዋለህ?» ለሁለተኛው «አዎ» ካለ ሥራውን የሚያውቅ ሰው አግኝታችኋል።

በነገራችን ላይ «በአክብሮት» ያልነው ለወጉ አይደለም። ቀጥቃጭ በአገራችን ማረሻውንም ማጭዱንም ጦሩንም እየሠራ፣ «ጠይብ» እና «ቡዳ» እየተባለ ሲሰደብ የኖረ ባለሙያ ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰው ነበር። በጎንደር ዙሪያ የነበሩ ቤተ እስራኤላውያንም በብረትና በሸክላ ሥራ የታወቁ ሆነው ሳለ ይሄው ስም ሲለጠፍባቸው ኖሯል። የብረት እውቀት ከባሕር ማዶ ብቻ እንደሚመጣ አድርገን የምናስበው አንዱ ምክንያት፣ እዚሁ የነበረውን እውቀት ስንንቅ ስለኖርን ነው።

🔹 ብረቱ ጥሩ ሆኖም የሚሰበር ቢላ

ጥሩ ብረት በመጥፎ አሠራር ይበላሻል። ሁለት ነገር እዩ።

መጀመሪያ፣ የብረቱ ጭራ። ስለቱ እጀታው ውስጥ ምን ያህል ይገባል? ለከባድ ሥራ የሚመረጠው ብረቱ ሳይቀጥን እስከ እጀታው ጫፍ የሚሄድ ነው። ብዙ ጊዜ ከላይና ከታች ብረቱ ይታያል፣ እጀታው ግራና ቀኝ ተጣብቆ። ከ1982ቱ የራምቦ ፊልም በኋላ ዓለምን ያጥለቀለቁት ባዶ እጀታ ያላቸው ርካሽ ቢላዎች የሚሰበሩት እዚህ ጋ ነው። ፊልሙ ላይ ያለውን ጂሚ ላይል የተባለ ጎበዝ የእጅ ሠሪ ነበር የሠራው። ቅጂዎቹ ግን መልኩን ወሰዱ እንጂ ሥራውን አልወሰዱም። ብዙዎቹ ላይ ስለቱ ከእጀታው ጋር የሚገናኘው በአጭር ጭራና በአንድ ብሎን ነው። ኮምፓሱና ክር መርፌው የተቀመጠው ብረት ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ነው።

ሁለተኛ፣ ውፍረት። ወፍራም ሁልጊዜ የተሻለ ይመስለናል። 6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቢላ አይሰበርም ይሆናል፣ ግን ሽንኩርት ሲቆርጥ ይፈልጠዋል እንጂ አይከትፈውም፤ እንጨት መጥረብም ያደክማል። የሞራክኒቭ ኮምፓኒየን ስለት 2.5 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ በመጥረብ ግን ብዙ ወፍራም ቢላዎችን ያሳፍራል። ጭራው እስከ እጀታው መጨረሻ ስለማይደርስ ግን እንጨት ለመሰንጠቅ እላዩ ላይ መደብደብ አይመከርም። ለሁሉም ሥራ አንድ ቢላ ካስፈለጋችሁ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ጥሩ መሃል ነው።

አንድ ተጨማሪ፦ እሳት። ብዙዎች «ፌሮ ሮድ ላይ ብልጭታ የሚሰጠው የካርቦን ብረት ብቻ ነው» ይላሉ። ልክ አይደለም። በፌሮ ሮድ የሚነደው ዘንጉ ራሱ ነው፤ ቢላው የሚፍቀው ብቻ ነው። ስለዚህ ስቴንለስም ይሠራል፤ የሚያስፈልገው የቢላው ጀርባ ጠርዙ ያልተድበሰበሰ፣ ቀጥ ያለ መሆኑ ነው። በባልጩት እሳት መጫር ከፈለጋችሁ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ የሚቃጠለው ከቢላው የተፋቀው ብረት ስለሆነ ጠንካራ የካርቦን ብረት ያስፈልጋል።

🔹 ሻጩን እነዚህን ጠይቁ

✔️ የብረቱ ትክክለኛ ስም ምንድን ነው? «ስቴንለስ ነው» መልስ አይደለም። «እንስሳ ነው» እንደማለት ነው።
✔️ ኤችአርሲው ስንት ነው?
✔️ የብረቱ ጭራ እስከ የት ይሄዳል? ፎቶ ላኩልኝ።
✔️ ሠሪው ማን ነው? ዋስትና አለው?
✔️ ዋጋው ከሠሪው ገጽ ጋር ሲተያይ ምን ይመስላል? የማግናከት ቢላ በርካሽ ሰንጢ ዋጋ ከተሸጠላችሁ ማግናከት አይደለም።

«ደማስቆ» የሚባለውንም ተጠንቀቁ። ያ የውሃ ሞገድ የመሰለ መልክ በአሁኑ ሥራ የሚመጣው ሁለት ዓይነት ብረት ተደራርቦ ሲቀጠቀጥ ነው። ጥሩ ሠሪ ሁለቱንም ብረቶች በስማቸው ይነግራችኋል። ብዙ ርካሾቹ ላይ ግን መልኩ ከላይ የታተመ ነው፤ ወይም ውስጡ ያለው ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም።

ከቀጥቃጭ ስትገዙ ደግሞ ቀላል ፈተና አለ። አዲስ ሞረድ ውሰዱና እጀታው አጠገብ ባለው የስለቱ ክፍል ላይ በቀስታ ግፉት። ሞረዱ ብረቱን እየነከሰ ፍቅፋቂ ካወጣ ብረቱ ለስላሳ ነው። በመጠኑ እየተንሸራተተ ካለፈ በአግባቡ ጠንክሯል። ፈቃድ ጠይቃችሁ ነው ታዲያ!

🔹 እሺ፣ የቱን ልግዛ?

ሥራችሁና ቦታችሁ ይወስናል።

ጀማሪ ከሆናችሁና ብር ከቸገራችሁ፦ የ12ሲ27 ወይም የ14ሲ28ኤን ቢላ። አይዝግባችሁም፣ በትንሽ ድንጋይ ይሳላል፣ ቢጠፋ አያስለቅስም።

ደጋ ላይ፣ እንጨት እየሰነጠቃችሁ፣ እሳት እያነደዳችሁ የምትጠቀሙ ከሆነ፦ 1095፣ 80ሲአርቪ2 ወይም 5160። ወይም ከሚያውቅ ቀጥቃጭ ጥሩ የባሌስትራ ቢላ። መጥረግና ዘይት መቀባት ከለመደባችሁ ለዓመታት ያገለግላችኋል።

ቦታው እርጥበትና ጨው ካለው፣ ለምሳሌ ወደ አፋር የጨው ሜዳ የምትወርዱ ወይም በዓረብ አገርና በአሜሪካ ባሕር ዳር የምትኖሩ ከሆነ፦ ስቴንለስ። አቅም ካለ ማግናከት፣ ከሌለም የስዊድኖቹ ይበቃሉ።

የምትሠሩት ሥራ በእውነት ከባድ ከሆነና ወጪው ካልከበደ፦ 3ቪ።

በኛ እምነት ለብዙዎቻችሁ የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ነው። በሱ መሳል ተማሩ፣ ምን እንደሚጎድለው ራሳችሁ እወቁት፣ ከዚያ ወደ ውዱ ሂዱ። መሳል የማይችል ሰው እጅ ላይ ውድ ብረትም ርካሽ ብረትም መጨረሻቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ይዶለዱማሉ።

🔹 ከገዛችሁ በኋላ

የካርቦን ብረት ከሆነ ከተጠቀማችሁ በኋላ አጥባችሁ ወዲያው አድርቁ። ሎሚ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ያጠቁሩታል። ጠቆር ያለው ሽፋን አይጎዳም፣ እንዲያውም ትንሽ ይከላከላል፤ ቀዩ ዝገት ነው መወገድ ያለበት። ለረጅም ጊዜ ስታስቀምጡት የስፌት መኪና ዘይት በስሱ ቀቡት። የምግብ ዘይት እየቆየ ይሟጨጫል። የቆዳ አፎት ውስጥ ከታችሁ ለወራት አትተዉት፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል።

ስትስሉ በእጅ፣ በድንጋይ፣ በትዕግሥት። በሞተር ድንጋይ ብልጭታ እያስበተኑ መሳል ፈጣን ነው፣ ግን ቀጭኑ ስለት በሰከንድ ይግላል። ጠርዙ ወደ ሰማያዊ ከተለወጠ ያ ቦታ ጥንካሬውን አጥቷል፤ ሠሪው በሰዓታት የሰጠውን ሙቀት በአንድ ቅጽበት ሰረዛችሁት ማለት ነው። ብዙ ቫናዲየም ላላቸው ውድ ብረቶች ደግሞ ተራ ድንጋይ ይለግምባቸዋል፤ የአልማዝ መሳያ ያስፈልጋል። ይሄንንም ዋጋው ላይ ደምሩት።

🔹 አንድ የመጨረሻ ነገር፦ ሕግ

ቢላ መሣሪያ ነው፣ ግን የጦር መሣሪያም ሊባል ይችላል። አውሮፕላን ላይ በእጅ ሻንጣ አይገባም፤ ተጠቅልሎ በሚጫነው ሻንጣ ነው የሚሄደው። እንግሊዝ ውስጥ የማይታጠፍ ቢላ ያለ በቂ ምክንያት በአደባባይ መያዝ ወንጀል ነው። ጀርመን ስለቱ ከ12 ሴንቲሜትር የሚበልጥ የማይታጠፍ ቢላ ያለ ተገቢ ምክንያት ይዞ መንቀሳቀስን ትከለክላለች። እስራኤልም ያለ ሕጋዊ ምክንያት ቢላ ይዞ መውጣት ያስጠይቃል። አሜሪካ እንደየግዛቱ ይለያያል። አገር ቤትም ቢሆን ካምፕ የሚሄድ ቢላ ቦርሳ ውስጥ፣ አፎቱ ውስጥ ይሂድ፤ ወገብ ላይ ሰክቶ ከተማ መዞር ፍተሻ ላይ ከማስጠየቅ ሌላ ትርፍ የለውም።

ለማጠቃለል፦ መጀመሪያ ሥራችሁን እወቁ፣ ቀጥሎ የብረቱን ስም ጠይቁ፣ ከዚያ ማን እንደሠራውና ጭራው የት እንደሚደርስ እዩ። ቀለሙና ኮምፓሱ መጨረሻ ይመጣሉ፤ ባይመጡም ግድ የለም።

ቢላ ለመግዛት ያሰበ ጓደኛ ካላችሁ ብሩን ከመላኩ በፊት ይሄን ላኩለት።